ባለ ስድስት “እግሩ” ዓሣ ጉድ ሳይሆን ዓሣ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጋዜጣችሁን እዚህ በምኖርበት በሜሪላንድ ሆኜ ለዓመታት ሳላቋርጥ ያነበብሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር እትም በመጨረሻው ገጽ ላይ “እግር ያበቀለው ዓሣ” በሚል ርእስ የወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ስለሚኖረውና አጥማጆች ሲ ሮቢን ስለሚሉት የባሕር ወለል ዓሣ የሚያወሳ ሲሆን፣ ዓሣው በእግሩ እንደሚራመድና በእግሩም ምግቡን እንደሚቀምስ ይተርካል። ወሬው መሠረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ፍጥረቱን “ግማሽ ዓሣ፣ ግማሽ የየብስ አውሬ” ብሎ መጥራቱ፣ “ወደ ምድር ለመውጣት ዳር ዳር የሚል” ማለቱ፣ አብሮት የታተመውም ፎቶግራፍ የሌላ ዝርያ መሆኑ ተደማምረው አንባቢውን ከእውነቱ ያርቁታል። በባሕር ዳር ከተማ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርሁ፣ ወደዚህም ከመጣሁ ወዲህ ይህንኑ ዓሣ በየበጋው በእጄ የምይዝ ሰው በመሆኔ ጽሑፉን አይቶ እንዳላየ ማለፍ አልቻልሁም።

ጽሑፉ ምን እንዳስከተለ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋዜጣው በወጣ በሁለተኛው ቅዳሜ ኦሽን ሲቲ ወርጄ፣ ፒር በሚሉት ወደ ባሕሩ በሚዘልቀው የእንጨት መሻገሪያ ላይ መንጠቆዬን ጥዬ ተቀምጬ ነበር። ከእኔ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ሁለት ወጣት የአገራችን ልጆች ያጠምዳሉ። ፍላውንደር የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ፈልገው የስኩዊድ ቁራጭ መንጠቆ ላይ ሰክተው የጣሉት ገመድ ተወጠረና ሲስቡት ሲ ሮቢን ወጣ። አንደኛው ልጅ ከእንጨቱ ወለል ላይ ጥሎት በጫማው ጫፍ ሊረግጠው ሲል ደርሼ ጎንበስ አልሁ። ልጁም “ጋሼ፣ እንዳይነኩት! ጋዜጣ ላይ የወጣው ባለ እግሩ እኮ ነው፤ እርኩስ ነገር ነው” አለኝ። ልጁ የተናገረው ከልቡ ነበር፤ እንዲያ ያለውም ለእኔ በማሰብ እንደሆነ ይገባኛል። የእኔ ቅሬታ ከልጁ ጋር አይደለም። አንድ ምንም ጥፋት የሌለበት ፍጥረት በጥቂት ቸልተኛ ቃላት ምክንያት በጫማ ሊጨፈለቅ መቃረቡ ግን አሳዝኖኛል።

ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ይዤ አነሣሁት። በጨርቅ መያዝ የሚያስፈልገው ጭንቅላቱ እንደ ራስ ቁር በጠንካራ አጥንት የተሸፈነ፣ በጉንጩና በስንጥቡ ክዳን ላይም ሹል እሾህ ያለበት በመሆኑ ነው። ገና ከመሬት ሳነሣው መዳፌ ውስጥ መንዘር ጀመረና እንደሚያጉረመርም ሰው ድምፅ አሰማ። ከባሕሩ ውኃ በቀዳሁበት ነጭ ባልዲ ውስጥ ስለቀው ለጥቂት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ፤ ከዚያም ሁለቱን ሰፋፊ የደረት ክንፎቹን እንደ ማራገቢያ ዘረጋ። ልጆቹ ፈራ ተባ እያሉ ቀርበው ሲያዩ፣ ከክንፎቹ ሥር በቀኝ ሦስት በግራ ሦስት ሆነው ወደ ታች የታጠፉ ጣት መሳይ ነገሮች የባልዲውን ወለል ይነካኩ ጀመር። ስድስቱም በአንድ ላይ አይንቀሳቀሱም፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል፣ አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ወደ ኋላ ይጭራል። ጨለማ ቤት የገባ ሰው ግድግዳውን በጣቱ እየዳሰሰ በር ሲፈልግ ያየ ሰው ያንን እንቅስቃሴ ያውቀዋል።

እንግዲህ እነዚህ “እግሮች” ምንድን ናቸው? የማንኛውም ዓሣ የደረት ክንፍ በቆዳ የተያያዙ ቀጫጭን ዘንጎች ስብስብ ነው። ሲ ሮቢን ገና ከእንቁላል ወጥቶ በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ፍጥረት ሳለ የደረት ክንፉ ከሌሎች ዓሦች ክንፍ እምብዛም አይለይም። እያደገ ሲሄድ ግን በእያንዳንዱ ጎን የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘንጎች ከሚያያይዛቸው ቆዳ ተላቀው ለየብቻቸው ይቀራሉ፤ ይወፍራሉ፣ የራሳቸውንም ጡንቻና ነርቭ ያዳብራሉ። ስለዚህ እግር የምንላቸው ከክንፉ የተለዩ የክንፍ ዘንጎች እንጂ ከሌላ ስፍራ የበቀሉ አካላት አይደሉም። የተቀረው ክንፍ እንደ ቀድሞው ሰፊ ሆኖ ይቀጥላል። ሲ ሮቢን የሚለው ስም የወጣለትም በዚህ ሰፊ ክንፉ የተነሣ ነው፤ ሮቢን በእንግሊዝኛ የአንዲት ወፍ ስም ነው። እዚህ ላይ ደግሞ “ከውኃው ወጥቶ ይበራል” የሚለውን ወሬ የሰማ ካለ ያም ስሕተት መሆኑን ይወቅልኝ። ክንፉ ሲ ሮቢንን ከወለሉ በላይ ለመንሸራተት ይረዳዋል እንጂ አያበረውም።

ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳ ቢሆን ኖሮ አምባዛን አመጣ ነበር፤ ጣና ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። በአምባዛ አፍ ዙሪያ ስምንት ረጃጅም ጢሞች አሉ። ከታንኳ ላይ የወረደውን አምባዛ የባሕር ዳር ልጆች ጢሙን እየጎተቱ ሲጫወቱበት፣ ያ ጢም ለዓሣው ምላስ መሆኑን አያስተውሉም። አምባዛ በጭቃ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ዓይኑ ሳይረዳው በጢሙ እየቀመሰ ምግቡን ያገኛል፤ በጢሙ ላይ እኛ በምላሳችን ላይ እንዳለን ያሉ ጣዕም የሚለዩ ህዋሳት ተሰግስገዋል። ሲ ሮቢንም ሥራው ይመሳሰላል፤ አሸዋ ውስጥ የተደበቀውን ሳያይ ያገኛል። መንገዱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፣ ነገሩን ለእኔ የሚያስደንቀውም ይኸው ነው። በእግሮቹ ላይ እንደ አምባዛ ጢም ያሉ የጣዕም እንቡጦች የሉም፤ ወደ እግሮቹ የሚሄዱትም ነርቮች ከህብለ ሰረሰር የሚነሡ እንጂ ጣዕምን ወደ አንጎል የሚያደርሱት የተለመዱት ነርቮች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1984 ዌይን ሲልቨርና ቶማስ ፊንገር የተባሉ ተመራማሪዎች የእግሮቹን ነርቮች የኤሌክትሪክ ምላሽ ለክተው፣ ይህ ስሜት ሽታ ወይም ተራ ጣዕም ያልሆነ፣ ነገር ግን በውኃ የሟሙ ኬሚካሎችን የሚለይ ሌላ ስሜት መሆኑን አሳውቀዋል። የዓሣውን ህብለ ሰረሰር ከፍቶ ያየ ሰው ደግሞ ከእግሮቹ የሚመጡት ነርቮች በሚገቡበት ቦታ ላይ ተራ በተራ የተደረደሩ እብጠቶችን ያገኛል። ለእግሮቹ ሲባል ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ሰፍቷል ማለት ነው። አንድ አካል ለባለቤቱ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ለማወቅ ነርቭ ምን ያህል ቦታ እንደተሰጠው መመልከት ጥሩ መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጋዜጣችሁ ያወሳው ጥናት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ከረንት ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት በሁለት ጽሑፎች የወጣው ነው። የሠሩት በሃርቫርድ የኒኮላስ ቤሎኖ፣ በስታንፎርድ ደግሞ የዴቪድ ኪንግስሊ የምርምር ቡድኖች ሲሆኑ፣ ከዋነኞቹ ተመራማሪዎች መካከል ኮሪ አላርድና ኤሚ ኸርበርት ይገኙበታል። ዓሦቹን ያገኟቸው በማሳቹሴትስ ዉድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ነው። ዓሦቹን አሸዋ ባለበት ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ መስል የሚባለውን ዛጎል ለበስ እንስሳ፣ ከመስል የተጨመቀ ፈሳሽ ያለበት ዕቃ፣ እንዲሁም ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ከአሚኖ አሲዶች፣ አንዱን ዓይነት ብቻ የያዘ ዕቃ አሸዋው ሥር ቀበሩ። ላዩ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ዓሦቹ ጥቂት እየዋኙ፣ ጥቂት በእግራቸው እየተራመዱና አሸዋውን እየጫሩ ሄደው የተቀበረውን ቆፍረው አወጡ። በእርሻ ላይ ወፎች በሬውን ተከትለው ከትልሙ የወጣውን ትል እንደሚለቅሙ ሁሉ፣ በባሕር ውስጥም ሌሎች ዓሦች ሲ ሮቢንን ተከትለው ከቆፈረው እንደሚጋሩ ታይቷል።

እግሮቹ ቀርበው ሲታዩ በጥቃቅን ጉብታዎች ተሸፍነዋል። በእነዚህ ጉብታዎች ውስጥ ንክኪን የሚሰሙ ነርቮች ተጨናንቀው ይገኛሉ፤ የጉብታው ቆዳ ህዋሳትም ከተለመደው ቦታቸው ውጭ የሚሠሩ የጣዕም ተቀባዮችን ይዘዋል። አንድ እግር በአንድ ጊዜ ዳሳሽ ጣትም፣ ቀማሽ ምላስም፣ መቆፈሪያም ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። የእግሩም ጫፍ እንደ አካፋ ሰፋ ያለ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ዋነኛ ምክንያት የሆነኝ ነገር ከዚህ ይጀምራል። ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን ከቀጠሉ በኋላ ተጨማሪ ዓሦች ቢያስመጡ፣ አዲሶቹ እየተራመዱ የተቀበረውን ማግኘት የማይችሉ ሆነው ተገኙ። መልካቸው ተቀራራቢ ነበርና ነገሩ ግራ አጋባቸው። በመጨረሻ የተረዱት ሁለተኛዎቹ ዓሦች ሌላ ዝርያ መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው ፕሪዮኖተስ ካሮሊነስ፣ ማለትም የሰሜኑ ሲ ሮቢን ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ፕሪዮኖተስ ኢቮላንስ፣ ማለትም ባለ መስመሩ ሲ ሮቢን። ሁለቱም በአንድ ጠረፍ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ስድስት እግር አላቸው፤ ሁለቱም ይራመዳሉ። የባለ መስመሩ እግሮች ግን እንደ በትር ቀጥ ያሉና ጉብታ የሌላቸው ስለሆኑ ከመራመድ አልፈው የተቀበረውን አይቀምሱም፣ አይቆፍሩምም። በስሕተት የመጣው ዓሣ ለጥናቱ ትልቅ በረከት ሆነ፤ ሁለቱን በማነጻጸር፣ እርስ በርስም በማዳቀል፣ መራመድ የቀደመ፣ በእግር መቅመስ ግን ኋላ የመጣ ችሎታ መሆኑን ለመገንዘብ ተቻለ።

በጋዜጣችሁ ላይ ከጽሑፉ ጋር የታተመው ፎቶግራፍ ታዲያ የባለ መስመሩ ሲ ሮቢን ነው። ከጎኑ ላይ ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ የተዘረጉት ጠቆር ያሉ መስመሮች በግልጽ ይታያሉ። “በእግሩ የሚቀምሰው ዓሣ” ተብሎ የታየው፣ በእግሩ የማይቀምሰው ነው ማለት ነው። የሰሜኑ ሲ ሮቢን እነዚህ መስመሮች የሉትም፤ በመጀመሪያው የጀርባ ክንፉ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለው፣ ከጉሮሮው ሥር ያለው ቆዳም የጠቆረ ነው። ይህ ለብዙ ሰው ኢምንት ልዩነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የጥናቱ ፍሬ በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነውና፣ ፎቶግራፉን ማሳሳት ወሬውን ራሱን ማፍረስ ነው።

“ግማሽ የየብስ አውሬ” ስለሚለው ልመለስ። በየብስ ላይ የሚሄዱ ባለ አራት እግር እንስሳት ሁሉ፣ እኛን ጨምሮ፣ ዘራቸው የሚመዘዘው በክንፋቸው ውስጥ ሥጋና እንደ ክንድ ያለ አጥንት ከነበራቸው ጥንታውያን ዓሦች ነው ብለው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2006 በሳይንስ ዓለም የተዋወቀው፣ ከካናዳ የአርክቲክ ክፍል የተገኘውና ዕድሜው 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚገመተው ቲክታሊክ የተባለው ቅሪተ አካል ታዋቂ ምስክር ነው። ሲ ሮቢን ከዚያ ወገን አይደለም። የእርሱ ወገን ክንፉ በዘንግ የተዘረጋው ዓሣ ነው፤ እንደ ቆሮሶና እንደ አምባዛ ማለት ነው። በእግሩ ውስጥ ክንድ የለም፣ አንጓ የለም፣ ጣት የለም። የሚተነፍሰው በስንጥቡ ብቻ ነው፤ ከውኃ ሲወጣ ይታፈናል። ወደ የብስ ዳር ዳር የማለት ነገር በኑሮው ውስጥ የለም፤ እንዲያውም የብርዱ ወራት ሲመጣ ከባሕሩ ዳርቻ እየራቀ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። አካሄዱ የእኛን አካሄድ የሚመስለው በመልክ እንጂ በዘር አይደለም።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛው ጥናት ቲቢኤክስ3ኤ የተባለ ዘረ መል በእነዚህ እግሮች መፈጠር ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ዘረ መል በለወጡባቸው ዓሦች ላይ እግሮቹ በትክክል አልተፈጠሩም፤ የህብለ ሰረሰሩ እብጠቶችም፣ የእግሮቹ ጉብታዎችም፣ ካደጉ በኋላ የመቆፈር ጠባያቸውም ተጎድቷል። ከዚሁ ጋር የሚዛመደው ዘረ መል በሌሎች እንስሳት፣ በሰውም ጭምር፣ በእጅና በእግር አፈጣጠር ላይ የሚሠራ ነው። ከጥንት ጀምሮ በእጅ ያለ አንድ መሣሪያ በሲ ሮቢን አካል ውስጥ ለአዲስ ሥራ ዋለ ቢባል ልክ ነው። ያን ማለት ግን ዓሣው ወደ የብስ እንስሳነት እየተለወጠ ነው ከማለት እጅግ የራቀ ነው፤ አንድ ምሳርና አንድ ማረሻ ከአንድ ብረት ቢሠሩ ምሳሩ ማረሻ ሊሆን ነው እንደማይባለው ሁሉ።

ልጁን ያስደነገጠው ሌላው ነገር ድምፁ ነበር። “ያጉረመርማል እኮ!” አለኝ ደጋግሞ። ዓሣው ድምፅ የሚያወጣው በጉሮሮው አይደለም። በሆዱ ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበት የአየር ከረጢት አለ፤ በዚህ ከረጢት በግራና በቀኝ የተጣበቁ ልዩ ጡንቻዎች እጅግ በፍጥነት ሲኮማተሩ ከረጢቱ እንደ ከበሮ ይመታል። በሰሜኑ ሲ ሮቢን ላይ ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለ፤ የግራውና የቀኙ ጡንቻ የሚኮማተሩት በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተፈራረቁ ስለሆነ ድምፁ እያንዳንዱ ጡንቻ ብቻውን ሊያወጣው ከሚችለው በእጥፍ የፈጠነ ይሆናል። ከበሮ የሚመታ ሰው ሁለት እጁን እያፈራረቀ ሲመታ እንደሚፈጥነው ማለት ነው። ዓሣው ይህን ድምፅ ሲያዝ ያሰማል፣ በባሕር ውስጥም ከመሰሎቹ ጋር ሳለ ያሰማል። ፈረንሳዮች የዚህን ወገን ዓሦች ግሮንደን ብለው የሚጠሩት “ማጉረምረም” ከሚለው ግሳቸው አውጥተው ነው። ለእነርሱ ማጉረምረሙ ስም ሆነለት እንጂ ከገበታ አላራቀውም፤ ቡያቤስ የሚሉት የማርሴይ የዓሣ ሾርባ ውስጥ ይገባል።

ስለ ገበታ ካነሣሁ ዘንድ፣ ልጁ “እርኩስ” ያለበትን ምክንያት ሳልነካ ማለፍ አይገባኝም። ብዙ አንባቢዎቻችሁ በኦሪቱ ሥርዓት ያደጉ ናቸው፤ በውኃ ውስጥ ከሚኖረው ሁሉ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋል። ቅርፊት የለውምና ብዙዎቹ አምባዛን የማይነኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ሃይማኖት ሥርዓት ፍርድ መስጠት የሊቃውንቱ ድርሻ ነው፤ እኔ ማለት የምችለው የዓሣውን አካል የሚመለከተውን ብቻ ነው። ሲ ሮቢን ክንፍ አለው፤ ሰውነቱም በቅርፊት የተሸፈነ ነው። ቅርፊቱ ትናንሽ ቢሆንም በጥፍር ወደ ጭንቅላቱ አቅጣጫ ሲፋቅ በግልጽ ይነሣል፤ በዚያን ቀን ልጆቹ ራሳቸው ፍቀው አይተዋል። እግር የሚባሉትም ከላይ እንደገለጽሁት የክንፉ ዘንጎች ናቸው። አንድ ሰው ይህን ዓሣ ላለመብላት ቢወስን መብቱ ነው፤ ውሳኔው ግን በተሳሳተ ወሬ ላይ እንዳይቆም እፈልጋለሁ።

ለሚበላው ደግሞ ይህን እላለሁ። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር ተኩል አይበልጥም፣ እጅግ ትልቁም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግዙፍ አጥንታም ጭንቅላት ስላለው ሥጋው ያለው ከጀርባው እስከ ጅራቱ ባሉት ሁለት ቁራጮች ላይ ነው፤ ብዙ አጥማጆች “አይረባም” ብለው የሚጥሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዚህ ጠረፍ ለረጅም ዘመን ሎብስተር በሚያዝበት ወጥመድ ውስጥ የሚገባ ማማለያ ምግብ ከመሆን ያለፈ ዋጋ አልነበረውም። ሥጋው ግን ነጭና ጠንከር ያለ ስለሆነ በድስት ውስጥ አይፈራርስም። ባለቤቴ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ የዓሣ ጉላሽ አድርጋ ስትሠራው፣ ከቆሮሶ ይልቅ ቁራጩ ሳይበተን ይቀርባል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ቀቅላ ደግሞ መረቁን ለሾርባ ታውለዋለች። ማጽዳቱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በተለይ የጭንቅላቱን እሾህ ያልለመደ እጅ ይጎዳል።

ስለ ቀረው ኑሮው ባጭሩ ልግለጽ። የሰሜኑ ሲ ሮቢን ከካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ እስከ ፍሎሪዳ ድረስ ይገኛል። በፀደይ ውኃው ሲሞቅ ወደ ዳርቻውና እንደ ቼሳፒክ ወዳሉ የባሕር ወሽመጦች ይገባል፤ በበጋ ወራት እንቁላሉን ይጥላል። እንቁላሎቹ በውኃው ላይ ተንሳፍፈው ይፈለፈላሉ፤ ልጆቹም ካደጉ በኋላ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። ምግቡ ሽሪምፕ፣ ትናንሽ ሸርጣኖች፣ ትሎች፣ ስኩዊድ፣ ዛጎል ለበሶችና ትናንሽ ዓሦች ናቸው። ሲደነግጥ ራሱን በአሸዋ ውስጥ ይቀብርና የጭንቅላቱ አናትና ሁለቱ ሰማያዊ የሚያብለጨልጩ ዓይኖቹ ብቻ ይቀራሉ። ከዘመዶቹ መካከል አንዳንዶቹ በሜዲትራኒያን ባሕር ይኖራሉ፤ በእስራኤል የምትገኙ አንባቢዎች ከዓሣ ገበያ ቀይ ገላ፣ ባለ ትልቅ ጭንቅላትና ከደረቱ ሥር ጣት መሳይ ዘንጎች ያሉት ዓሣ ካያችሁ፣ የዚሁ ወገን ነው።

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ በሚቀጥለው እትም ፎቶግራፉ የባለ መስመሩ ሲ ሮቢን እንደነበረ፣ በእግሩ የሚቀምሰው ግን የሰሜኑ ሲ ሮቢን መሆኑን የሚገልጽ እርማት እንዲወጣ ነው። ሁለተኛው፣ “ግማሽ የየብስ አውሬ” የሚለው ቃል እንዲነሣ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ለአማርኛ አንባቢ ማቅረባችሁን እኔ ከልቤ አከብራለሁ፤ የባሕር ፍጥረታትን ነገር በራሳችን ቋንቋ የሚጽፍልን ጥቂት ነውና። ተርጓሚው ቸኩሎ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በእርማት የሚድን ነው።

በዚያ ቅዳሜ ልጁ ባልዲውን ለጥቂት ደቂቃ ሲመለከት ከቆየ በኋላ “ጋሼ፣ እኔ ልልቀቀው?” ብሎ ጠየቀኝ። ጨርቁን ሰጠሁት። እሾሁን እየፈራ በሁለት እጁ ይዞት ወደ ፒሩ ጠርዝ ሄደና፣ መዳፉ ውስጥ ሲያጉረመርም ሰምቶ ወደ እኔ ዞር አለ፤ “ከረጢቱ ነው አይደል?” አለኝ። “አዎ፣ ከረጢቱ ነው” አልሁት። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ለቀቀው።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የቀድሞ የባዮሎጂ መምህር
ሜሪላንድ፣ አሜሪካ